በካርድ የሚላክ ኩርፊያ

መጋረጃ ሰፊዋና ባሏ ቁልፍ ቀራጩ ሲኮራረፉ የሚነጋገሩት በድመቷ በኩል ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምሳው ጨው ከበዛበት እሱ ወደ ወለሉ ጎንበስ ብሎ፣ «አንቺ ድመት፣ ጨው በነጻ መታደል ጀመረ እንዴ?» ይላል። እሷም ሳህኑን እያነሳች፣ «አንቺ ድመት፣ ያልጣመው ሰው ካለ ማድ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ አሳዪው» ትላለች። ድመቷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየች ጢሟን ትልሳለች። እንዲህ እየተባባሉ አንድ ክረምት ሙሉ ከርመው ያውቃሉ። ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ ባልዲው የት ይቀመጥ የሚለውን የጨረሱት በድመቷ አማላጅነት ነው።

የቤት ኩርፊያ ግን የቤት ነው። ሰውየው አይናገር እንጂ ሲያስል ይሰማል፤ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ በሩን ሲቀረቅር ይሰማል። ዝምታው ራሱ ድምፅ አለው። አሁን ግን መጋረጃ ሰፊዋ ያለችው ባሕር ማዶ በታናሽ እህቷ ቤት ነው፤ ባሏ ደግሞ ከወዲያ ሆኖ አኩርፏታል። እዚህ ድመት የለችም። ሳልም አይሰማም።

ነገሩ የተጀመረው በካርድ ነው።

ታናሽ እህቷ ጸጉር ሠሪ ናት። ደረጃ ስትወርድ አዳልጧት እግሯ ተሰበረ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ውሃ የሚያቀብላት የላት። ታላቅ እህት ይህን ሰምታ ቁጭ ማለት አይሆንላትምና የጀመረችውን መጋረጃ ለባለቤቶቹ አስረክባ ቲኬት ቆረጠች። ሐሳቧ የመንገዷን ገንዘብ በጥሬው ይዛ ለመሄድ ነበር። ባሏ አይሆንም አለ። ባንክ ሄዶ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ አወጣላት። ሒሳባቸው የጋራ ነው፤ የሱ የቁልፍ ገንዘብም የሷ የመጋረጃ ገንዘብም እዚያው ነው የሚገባው። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ያስጠናችውን እሱ በተራው ለሚስቱ አስጠናት። የምስጢር ቁጥሩን ለማንም እንዳትነግሪ። ማሽኑ በየትኛው ገንዘብ ልቁረጥ ብሎ ከጠየቀሽ በዚያው በአገሩ ገንዘብ በይው፤ በእኛ ካልሽው ምንዛሬውን እንደ ልቡ ያደርገዋል። ደግሞ በነካሽው ቁጥር ባንኩ የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ በትንሽ በትልቁ አትነካኪው። እሷም ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ጠቡ የመጣው አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ነው። ሻንጣ የሚገፋው ሰውዬ ቆሞ እየሰማ፣ «ካርዱን የሰጠሁሽ ለክፉ ቀን ነው፤ ጨርቅ ባየሽ ቁጥር እንዳትመዢው» አላት።

የሰጠሁሽ። ያች ቃል ወጋቻት። ለዚያ ሁሉ የሆቴል መስኮት መጋረጃ ስትሰፋ ጣቷ የቆሰለው፣ ዓይኗ የፈዘዘው፣ ያ ገንዘብ የት ገብቶ ነው እሱ ሰጪ እሷ ተቀባይ የሆኑት? ሻንጣ ገፊው ደግሞ የማያገባው ገብቶ ፈገግ አለ። ይሄኔ፣ «አንተ ሳትደውል እኔ ቀድሜ ብደውል እጄ ይቆረጥ» አለችው። እሱስ ከማን አንሶ፣ «እኔ ቀድሜ ከደወልኩ ምላሴ ይቆረጥ» አለ። ተለያዩ። እሷ ወደ ኋላ አልዞረችም። አንገቷ ግን ልዙር ልዙር እያለ አስቸገራት፤ እስከ ፍተሻው ድረስ በመከራ ነው የያዘችው።

የእህቷ ቤት ጠባብ ነው። ታማሚዋ ሶፋ ላይ ተዘርግታ፣ በጀሶ የታሸገ እግሯን በትራስ ላይ ሰቅላ ትውላለች። የተሰበረው እግሯ እንጂ ምላሷ ደህና ነው። የመጋረጃ ሰፊዋ ስልክ እዚያ አገር ስለማይሠራ ከቤት የሚደወል ሁሉ የሚመጣው በእህቷ ስልክ ነው። እህቷ ጠዋት ጠዋት ስልኳን ገልበጥ አድርጋ ታይና፣ «እታለም፣ ጋሼ ዛሬም ምላሱን ወዷል» ትላለች።

«ይውደደው። እኔም እጄን እፈልገዋለሁ። በምን ልሰፋ ነው?»

«እኔን ያስጨነቀኝ ከሁለታችሁ አንዳችሁ አካል ጎዶሎ እስክትሆኑ ድረስ ስንት ጊዜ እንደምጠብቅ ነው። እግሬ ቀድሞ ይድናል መሰለኝ።»

ታላቂቱ መጥረጊያ ታነሳለች። መልስ ሲያጥራት ቤት መጥረግ ልማዷ ነው። ያ ቤት እንዲያ ተጠርጎ አያውቅም።

ዳቦ ያለቀ ዕለት ከመንገዱ ጥግ ካለው ዳቦ ቤት ገባች። አንዱን ሙልሙል በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። ትኩስ ነው፤ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ለመንገድ ብላ የመነዘረችውን ጥቂት ገንዘብ ስታወጣ ሻጯ ልጅ በጣቷ መልሳ ገፋችላትና መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ነገር አሳየቻት። ጽሑፉ አልገባትም። ልጅቷ ትንሿን የመክፈያ ማሽን አንስታ አፍንጫዋ ሥር ስትይዝላት ግን ገባት። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል። «ገንዘብ ገንዘብ ካልሆነ ታዲያ ምን ሊሆን ነው?» አለች በራሷ ቋንቋ፣ ለማንም ሳይሆን ለዳቦው። መቼም ክፉ ቀን ማለት ዳቦ ይዘው መክፈያ ያጡበት ቀን ነው ብላ ካርዱን አወጣች። ማሽኑ በየትኛው ገንዘብ ልቁረጥ ብሎ ሁለቱንም አሳያት። ጣቷ ማንንም ሳታማክር የአገሩን ነካች። ሰውየውን ተጣልታው ምክሩን ሰማች ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ቤት ገብታ ዳቦውን መቁረስ ስትጀምር የእህቷ ስልክ ጮኸ። የባሏ እህት ናት። ሰፈሩ «ሬድዮ» ይላታል፤ ወሬ አያመልጣትም፣ አያድርባትም። ማንም ሳይልካት በራሷ መደወሏን ሦስቴ ምላ ከጨረሰች በኋላ፣ ዳቦው እንዴት ነው ብላ ጠየቀች።

«የምን ዳቦ?» አለች መጋረጃ ሰፊዋ ቢላዋውን አየር ላይ እንደያዘች።

ሬድዮ በሰፊው አወራችው። ወንድሟ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እየሞረደ ሳለ ስልኩ ተንጫጫ። ሞረዱን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ። ከዚያ ግድግዳውን እያየ፣ «እዚያም አገር ዳቦ ይበላል ማለት ነው» አለ። ሞረዱንም መልሶ አነሳ። ለካ ካርዱ በተነካ ቁጥር ባንኩ መልእክት ይልካል፤ የሱቁን ስም፣ የተከፈለውን፣ የቀረውን ሁሉ ይዘረዝራል። ለባንኩ የተሰጠው ቁጥር ደግሞ የባልየው ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ መጀመሪያ በገነች። ዘበኛ አቁሞብኝ ኖሯል አለች። ዳቦውን እንደ ጠላት ነው የቆረጠችው። ሻይዋን እየጠጣች ግን አንድ ነገር ሐሳቧን እየሳበው መጣ። መነጽሩን አደረገ አለች ሬድዮ። ያ ሰውዬ መነጽሩን እንዲሁ አያደርግም፤ እጁን ጠርጎ መነጽር የሚያደርገው ላልተለመደ ቁልፍ ነው።

በማግስቱ ገና የትናንቱ ዳቦ ሳይጋመስ ዳቦ ቤት ሄደች። እህቷ ዳቦ ሞልቷል እኮ ብትላት ትኩስ ይሻላል አለች። በሦስተኛውም ቀን ትኩስ ይሻላል አለች። ታማሚዋ ነገሩ ገብቷት በትራሱ ሥር ሳቀች፤ የበረከተውን ዳቦ ጎረቤት ወስዶ ጠገበ።

ከዚያ ወዲያ ካርዷ ሆነች ድመቷ።

ጠዋት ዳቦ ከተገዛ ደህና አድሬያለሁ ማለት ነው። ሬድዮ እንደምትለው ባልየው መልእክቱ ሲገባ «ተነሣች» ይልና ሱቁን ይከፍታል። አንድ ቀን ዝናብ ይዟት ከቤት ሳትወጣ ዋለች። ያን ዕለት ስልኩን እያገላበጠ ሲያየው ዋለ፤ በኋላ ጎረቤቱን ጫማ ጠጋኙን፣ ይሄ ስልክ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ እስቲ ደውልልኝ አለው። ጫማ ጠጋኙ ከፊት ለፊቱ ቆሞ ደወለ። ስልኩ ጮኸ። «ይሠራል» አለ ጫማ ጠጋኙ። «አልጠየቅሁህም» አለ ቁልፍ ቀራጩ። መጋረጃ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ወጥታ በዝናቡ ዳቦ ልትገዛ ነበር፤ ክብሯ ያዛት።

ድመት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለችም፤ ለነገርም ናት። በነካሽው ቁጥር ባንኩ ድርሻውን ይወስዳል ያለውን አልረሳችውም። ስለዚህ ገበያ ስትወጣ ሽንኩርቱን ለብቻ ከፍላ ትወጣለች፣ በሩ ላይ ቆም ብላ ተመልሳ ትገባና ቲማቲሙን ለብቻ ትከፍላለች። ባለሱቁ አዛውንት መርሳት የጀመራት መስሎት እያዘነላት፣ ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ የሚረሱትን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ ያሳያት ጀመር። ስልኩ እዚያ ማዶ በየመዶሻው መካከል ሲንጫጫ ይታያታል። አንዴም ጨርቅ ቤት ገብታ ለምንም የማይሆናትን ብጣሽ አበባ ጨርቅ ገዛች። ጨርቅ ባየሽ ቁጥር አይደል ያለው? ሬድዮ እንደነገረቻት ይህን መልእክት ሲያነብ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ውሃ ጠጣ። መደወል ግን አልደወለም።

ይሄኔ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ቤት በነበሩ ጊዜ ኩርፊያቸውን የሚጨርሰው አንድ ነገር መፍሰሱ ወይ መሰበሩ ወይ መቃጠሉ ነው። ድስት ያርራል፣ ሁለቱም ሊያወርዱ ይሮጣሉ፣ እጅ ከእጅ ይጋጫል፤ ያበቃል። እዚህ አብሮ የሚያሯሩጥ ድስት የለም። ሰውየው ደግሞ ሁሉን የሚለምድ ነው፤ ያስፈራት ይሄ ነው። እግሩ በተነቃነቀ ወንበር ላይ ተንሻፎ ዓመት የተቀመጠ፣ ምነው ቢሉት «ለምጄዋለሁ» ያለ ሰው ነው። የሷንም ዝምታ ቢለምደውስ? ተመልሳ ስትገባ ተንሻፎ ተቀምጦ ብታገኘውስ? ማስደወል አለባት። ራሷ መደወሉ ግን አይታሰብም፤ ለእጇ አስባ አይደለም፣ «የሰጠሁሽ» ያላት እሱ ስለሆነ ነው።

የእህቷ ቤት ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ታላቂቱ ይዛው ከወጣች ታማሚዋ ይቆለፍባታል፤ ትታው ከወጣች ደግሞ ያች እግረ ስብር በአንድ እግሯ እየዘለለች መክፈት ሊኖርባት ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀረጽ የግድ ነበር። ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ቁልፍ ቤት አለ። መጋረጃ ሰፊዋ በዚያ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ወደ ወዲያኛው ታዞር ነበር፤ የሰው ባል እንደሚያይ ሰው። ከተጋቡ ጀምሮ ሌላ እጅ የቀረጸው ቁልፍ ይዛ አታውቅም። አንድ ጊዜ ባሏ ታሞ ተኝቶ ሳለ የበሩ ቁልፍ ተሰበረባት። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቁልፍ ቀራጭ እንጥራ ቢሏት እምቢ ብላ፣ እሱ እስኪነሣ ድረስ በሩን በጠረጴዛ እያስደገፈች አድራለች። እሱም ሲድን ይህን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሲያወራው ይኖራል።

ያን ዕለት ፊቷን አላዞረችም። ገባች።

የዚህ ቤት ቁልፍ ቀራጭ ሮጥ ሮጥ የሚል ጎልማሳ ነው። ቁልፉን ተቀብሎ ማሽን ላይ ሰካና አንድ ነገር ተጫነ፤ ማሽኑ ጮኸ፤ አለቀ። ባሏ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ወደ ብርሃን ያነሳዋል፣ ይሞርደዋል፣ እፍ ይልበታል፣ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ ደግሞ ያነሳዋል። ይሄኛው ያየውም አይመስል። ሰውየው ሒሳቡን ነገራት፤ ከፊቷ የነበረችው ሴትዮ በጥሬ ገንዘብ ከፍላ መልስ ስትቀበል በዓይኗ አይታለች። እሷ ግን ካርዱን አወጣች። ማሽኑ ላይ ልታሳርፈው ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ። ይህን አይቶ ካልደወለ ደግሞ መቼም አይደውልም ብላ አሳረፈችው።

ቤት ገብታ ስልኩን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። እህቷ ጉዱን ስትሰማ ከሶፋው ቀና ብላ፣ «እታለም፣ ይሄስ ጭካኔ ነው» አለች፤ የምሯን ነበር። ስልኩ አልጮኸም። ሬድዮ እንኳ ዝም አለች። ሬድዮ ዝም ስትል ደግሞ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሰው ሊሞት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቤት ካርዷን ስታሳርፍ ማሽኑ የሌላ ጊዜውን ድምፅ አላሰማም፤ ቀይ አበራ። ደገመች፤ ደገመው። ሻጯ ልጅ ራሷን ነቀነቀች። የተሰለፈው ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት። ያቀፈችውን ትኩስ ዳቦ መልሳ አስረክባ ባዶ እጇን ወጣች።

መንገዱን በግንፍልታ ሄደች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ፊቷ ፈታ ማለት ጀመረ። በሩን ከፍታ ስትገባ የዘመዷን ሰርግ የምታበሥር ነበር የምትመስለው። «ዘጋው» አለች። «ካርዱን ዘጋብኝ። ቀድሞ ተናገረ።»

«መዝጋት መናገር ነው እንዴ?»

«ታዲያ ምንድነው?»

«እኔ በር በዘጋሁ ቁጥር ንግግር ማድረጌ ነዋ» አለች እህቷ። «ተናገረ ካልሽ እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው፤ ስልኩ ያውልሽ፣ መልሺለት።»

ስልኩን አልነካችም። ተቀመጠች። ደስታዋ እንደመጣ ሄደ። ሰውየው ሥራው ለሰው በር መክፈት ነው። ቁልፍ ጠፍቶበት ደጅ የቀረ ሰው ካለ ማዕዱን ትቶ ይሄዳል፣ ካጣም በነጻ ይከፍታል፤ ሰው ውጭ ቆሞ ማየት አይችልም። እሷን በሰው አገር፣ በሰው ፊት፣ ዳቦ አስይዞ ዘጋባት ማለት ነው? ለአንዲት ቁልፍ? ይህን ያህል ጎድታው ከሆነ ቀድሞ መናገሩ ምን ይጠቅማታል? መጥረጊያውን አነሳች። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ጠረገችው።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። እህቷ ቁጥሩን አይታ ቅንድቧን ሰቀለች፤ ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጋ አነሳችው።

«ደህና ናት?» አለ ቁልፍ ቀራጩ። ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ።

«ማን?» አለች ታማሚዋ።

«አትቀልጂብኝ። ደህና ናት ወይ? በሩን ከውስጥ ቀርቅሩት፣ ጠረጴዛ አስደግፉበት። ሌባ ነው የገባባችሁ።»

ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተረከ። ትናንት ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ደወለችለት። የባለቤትዎ ካርድ እንግዳ የሆነ ክፍያ አሳይቷል፣ ቁልፍ ቤት ነው፣ የናንተ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ዳቦውን አምኖ ተቀብሏል። ሽንኩርቱንም፣ ቲማቲሙንም፣ ያንን ብጣሽ ጨርቅ ሳይቀር የሷ ነው ብሎ ተቀብሏል። ቁልፍ ግን?

«የኔ ሚስት በሌላ ሰው እጅ ቁልፍ አታስቀርጽም አልኳት። ሌባ ነው፣ አሁኑኑ ዝጉት አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሌባው ካርዱን ብቻ ቢወስድ ኖሮ ቁልፍ ምን ያደርግለታል? የቤቱንም ቁልፍ ሰርቆ አስቀርጾታል። ሊመጣባችሁ ነው። ቁጥራችሁን ብፈልግ የለም፤ እሷን የሸኘሁ ዕለት ተናድጄ አጥፍቼዋለሁ። እህቴ ደግሞ ገጠር ለቅሶ ሄዳ ስልኳ ሞቶ፣ አሁን ገና ነው ያገኘኋት። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የት ናት? ስጪኛ።»

ታማሚዋ ስልኩን ዘረጋች፤ በሌላ እጇ ደግሞ ለእህቷ ምልክት ታሳያለች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ሌባ ነው በዪው፣ ሌባ ነው በዪ ትላታለች። እውነትም የተመቸ ነገር ነበር። ሰውየው ቀድሞ ደውሏል፤ ምላሱንም ረስቶታል። እሷ ሌባ ነው ብትል ድሉ ሙሉ ነው፣ ጉዱም እዚያው ይቀበራል። መጋረጃ ሰፊዋ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ መሆንሽንማ ሰማሁ። ደህና ነሽ? ምን ወሰደብሽ?»

«ቁልፉን ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ። ሌባ የለም።»

ከወዲያ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፤ ሰው ከሱቁ ደጃፍ ላይ ስለ ጓጉንቸር ሒሳብ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት የለም። ሰውየው ሲናገር ድምፁ ቀንሶ ነበር።

«በካርድ?»

«በካርድ።»

«እዚያ ቤት ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም?»

አሁንም መዋሸት ትችል ነበር። «ይቀበላሉ» አለች።

ይህን ካለች በኋላ ነገሩ ሁሉ ፍንትው ብሎ ታያቸው፤ ለሱ ወዲያ ማዶ፣ ለሷ ወዲህ። ዳቦው፣ ለብቻው የተገዛው ቲማቲም፣ በመጨረሻም ቁልፉ። ቁልፍ ቀራጩ ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«እኔ እኮ ያን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ» አለና አቆመ። ይቅርታ ለምላሱ አዲስ ናት፤ ዞር ብሎ በሌላ በር ገባ። «ነገ ባንክ ሄጄ ካርዱን፣ ያንቺን የራስሽን ገንዘብ፣ አስከፍትልሻለሁ። ለዚያች ልጅ ምን እንደምላት ግን እንጃ። የሚስቴን እጅ አውቀዋለሁ ብዬ ጮኼባታለሁ። ቁልፍ ቀራጭ መሆኔን ደግሞ ታውቃለች፤ የመሳቢያዋን ቁልፍ የቀረጽኩላት እኔ ነኝ።»

«ሚስቴ ናት፣ ልታስደውለኝ ፈልጋ ነው በላት።»

«ልንገራት?»

«እውነት አይደል?»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ ሳይጠነክር ግን ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከሁሉ ይልቅ የከነከነውን ነገር አመጣው። ነገሩን ቀለል አድርጎ፣ እግረ መንገዱን እንደሚጠይቅ ሰው ሊያደርገው ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«እና ይከፍታል?»

እውነቱን ለመናገር ቁልፉ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ነው። ትናንት መጀመሪያ ጊዜ ስትሞክረው በሩ እጇ ሳይጠነክር ነው የተከፈተው፤ ለባሏ ተቆርቁራ በሩን በንዴት መልሳ ቆልፋበት፣ ዳግመኛ ስትሞክረው ከፊተኛው ይበልጥ ለስልሶ ከፈተ። እህቷም አይታለች፤ የዋናውን ቁልፍ ጣዪው፣ ይሄኛው ይሻላል ብላታለች።

መጋረጃ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት። የተጣመመ መስኮት ላለው ሰው መስኮትህ ጠማማ ነው፣ መጋረጃዬን አትውቀስ የምትል ናት። አሁንም የሌባው ውሸት ቀርቦላት አልበላችውም። እህቷን አየች፣ በሩን አየች።

«ይንገራገጫል» አለች። «ከፍ አድርገው ካልገፉት እምቢ ይላል። ሁለት ጊዜ ደጅ አስቀርቶኛል።»

ታማሚዋ ትራሱን አፏ ላይ አፍና ያዘች።

«ብዬ ነበር» አለ ቁልፍ ቀራጩ፤ ከዚህ በፊት ምንም ብሎ አያውቅም። ድምፁ ከተኛበት ተነሣ። «ማሽን እኮ ነው። ማሽን የበር ጠባይ ከየት ያውቃል? እንዳታስገድጂው፣ ውስጡ ይሰበርብሻል። ይዘሽው ነይ፤ በሞረድ አንዴ ዳበስ ባደርገው ይስተካከላል።»

«የዚህን ቤት ቁልፍ እዚያ ድረስ ተሸክሜ መጥቼ፣ ከየትኛው በር አስገብተህ ልታየው ነው?»

ሰውየው ይህን አላሰበበትም ነበር። «አንቺ ነይ ብቻ» አለ።

እስቲ የዚህች ልጅ እግር ይጠገን አለች። ይጠገን አለ። ዛሬ ዳቦ በላሽ ወይ አላት፤ የትናንቱ አለ አለችው። ቁልፍ የሚጠብቅ ሰው ደጃፉ ላይ እየጠራው እንደሆነ ነገራት፤ እሷም ሂድ ሥራህን ሥራ አለችው። እሺ አለ። እሺ አለች። ቀድሞ የሚዘጋ ግን ጠፋ፤ እሱ እሷን ይጠብቃል፣ እሷ እሱን። ታማሚዋ የስልኳ ባትሪ ሲያልቅ እያየች፣ ከሶፋው በአንድ እግሯ ተነሥታ ቻርጀር ፍለጋ ግድግዳውን ተደግፋ መዝለል ጀመረች።